አልቃሽና ባለሐዘን፦ ትወና ለምትዳኙ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ከደብረ ብርሃን አንዲት ተማሪ የላከችው ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ልጅ በግድያ የሚያዝበት የእንግሊዙ ድራማ ‹አዶለሰንስ› አራት ክፍል ብቻ ነው። አባትየው በሁለተኛው ክፍል ብቅ የሚለው መጨረሻው ላይ ነው፤ በሦስተኛው ጭራሽ የለም። ታዲያ ስቲቨን ግራሃም እንዴት የመሪ ተዋናይ ሽልማት ወሰደ? በሰዓት ቢቆጠር ልጁ አይበልጠውም?» ትላለች።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን «በሰዓት ቢቆጠር» ያለችው ነው። እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ ጊዜ በሰዓት ተቆጥሮ የተሰጠ ፍርድ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የተውጣጡ አማተር ቡድኖች በጥቂት ክፍል የሚያልቅ ድራማ ሠርተው ለውድድር አቀረቡ። ሰባት ሥራ፣ እያንዳንዱ አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ ክፍል 25 ደቂቃ። ሲደመር 700 ደቂቃ ነው፤ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። ለአምስት ዳኞች የተመደበው ጊዜ የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ሒሳቡ ገና ከጅምሩ አልተሠራም። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ተጠበቀ፤ አልመጣም። የሦስት ሥራዎች የመጨረሻ ሁለት ክፍሎች ሳይታዩ ቀሩ። ያን ጊዜ አንዱ ዳኛ «እስካሁን ካየነው መገመት ይቻላል፤ ችሎታ ከመጀመሪያው ይታወቃል» አለ። ማንም አልተቃወመም።

በመሪ ተዋናይት ዘርፍ ሁለት ልጆች ቀርተው ነበር። የመጀመሪያዋ በሁለተኛው ክፍል የወንድሟን ሞት ትሰማለች። ደረቷን እየመታች፣ መሬት እየተንከባለለች፣ ስሙን እየጠራች ሰባት ደቂቃ ታለቅሳለች። ካሜራው ፊቷ ላይ ተጠግቷል፤ ከሥር ዋሽንት ይሰማል። ዳኞቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሁለተኛዋ ልጇ ዐረብ አገር የሄደባትን የመንዝ እናት ትጫወታለች። በመጀመሪያው ክፍል ቡና ታፈላለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው አራት ነው፤ እሷ ግን ረከቦቱ ላይ አምስት ስኒ ትደረድራለች። አምስተኛውንም ትቀዳለች፤ ማንም አይነካውም፤ ማንም አይጠይቃትም። ከዚያ በሁለተኛው ክፍል ከጎረቤት ጋር ስለ ኩበትና ስለ በጎች ታወራለች። ከነጥብ መስጫ ወረቀቶቹ በአንዱ ላይ «ስሜት የላትም» ተብሎ ተጽፎላታል። ውጤቱ ለመጀመሪያዋ 88፣ ለሁለተኛዋ 71 ሆነ።

ያልታዩት ክፍሎች የታዩት ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ያውም አንዱ ዳኛ ቅጂውን ከቡድኑ ተቀብሎ በስልክ። በሦስተኛው ክፍል ስልክ ይደወላል። የመጣውን ወሬ ተመልካቹ አይሰማም፤ የሚያየው የእናትየውን ጀርባ ነው። ስልኩን መደቡ ላይ ታስቀምጥና ዝናብ ሳይመጣ ኩበቱን ልታስገባ ትወጣለች። በአራተኛው ክፍል ከቀብር መልስ፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ እንደገና ቡና ታፈላለች። ስኒዎቹን ትደረድራለች፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እጇ አምስተኛውን ያነሳል። አውራ ጣቷ የስኒውን አፍ አንድ ዙር ይዳስሳል፤ የተሰነጠቀ ነገር እንዳለው የምትፈልግ ይመስል። በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገውና ደፍታ ወደ ሙዳዩ ትመልሰዋለች። ከዚያ ለአራቱ ትቀዳለች። ሦስተኛው ላይ ጥቂት ይፈስሳል፤ ጣቷን ያቃጥላታል፤ አትሰበስበውም። ይሄ ሁሉ በአንድ ሰፊ ሾት የተቀረጸ ነው፤ ክሎዝ አፕ የለውም፣ ሙዚቃ የለውም፣ እንባ የለውም። የመጀመሪያው ክፍል ቡና ምን እንደነበር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ክፍል «ስሜት የላትም» የተባለችው ልጅ፣ ልጇ እንደማይመለስ ከመነሻው የምትፈራ፣ ፍርሃቷን ግን በበግና በኩበት ወሬ የምትሸፍን እናት እየሠራች ነበር። ዋንጫው ግን ተሰጥቶ አልቋል።

ይህን ለማንም አሳብቤ አላልፈውም፤ ጥፋቱ የዳኞቹ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ከሁሉም የሚያሳፍረው ደግሞ ሰሜን ሸዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን አለማወቁ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሙሾ አውራጅዋን አይታችኋል። ግጥሙን ታወጣለች፣ ሟቹን ታወድሳለች፣ ሰዉን ሁሉ ታስለቅሳለች። ትልቅ ጥበብ ነው፤ አልነቅፈውም። የሟቹ እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ላይ ዝም ብላ ተቀምጣ የሰው ጫማ ስታይ ነው የምትገኘው። እንግዳ ሲገባ «ምሳ በላችሁ?» ትላለች። መሪ ተዋናይ የሚመዘነው በሟቹ እናት ሚዛን ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩ የእሷ ነው። እኛ ለአልቃሿ ሸለምን።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ወረቀቱን ማየት ይበቃል። ስሜት 40፣ ድምፅ 20፣ እንቅስቃሴ 20፣ አልባሳትና ሜክአፕ 10፣ ከሌሎች ጋር መናበብ 10። «ስሜት» ምን ማለት እንደሆነ አልተጻፈም፤ ስለዚህ አምስቱም እንባ ብለው ተረጎሙት። አልባሳትና ሜክአፕ የተዋናይዋ ሥራ አይደለም፤ 10 ነጥብ ለሌላ ባለሙያ ተሰጠ ማለት ነው። ከሌሎች ጋር መናበብ፣ ማለትም ሌላው ሲናገር ማዳመጥ፣ የትወና ግማሽ ሆኖ ሳለ 10 ብቻ አገኘ።

እናንተ ብትሆኑ ወረቀቱን እንዲህ ሥሩት፦ ገጸ ባሕርይዋ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው የሄደችበት ጉዞ 30፣ ማዳመጥ 25፣ አካል 20፣ ድምፅና አነጋገር 15፣ ያልጠበቃችሁት ነገር ግን ካያችሁት በኋላ ሌላ ሊሆን እንደማይችል የሚያሳምናችሁ ምርጫ 10። የስኒው አፍ ላይ የዞረው አውራ ጣት የመጨረሻው ዓይነት ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ አይጻፍም።

ሜክአፕን ካነሳን አይቀር፣ ተዋናዩን ከሌሎቹ ባለሙያዎች መለየት ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። አሜሪካዊቷ ተዋናይት ሲሲሊ ታይሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ለቴሌቪዥን በተሠራ አንድ ፊልም ውስጥ በባርነት ተወልዳ እስከ 110 ዓመት የኖረች ሴት ሆና ተጫወተች፤ ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማትም ወሰደች። ሜክአፑን የሠሩት ሰዎችም ለብቻቸው ተሸልመዋል፤ የሚገባቸው ነው። የእሷ ሥራ የት እንደሚጀምር ለማወቅ ግን መጨረሻውን ተመልከቱ። አሮጊቷ ለነጮች ብቻ ወደተባለው የውኃ ቧንቧ በዝግታ ትሄዳለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ትጠጣለች። ቆዳውን የሸበሸበው የሜክአፕ ባለሙያው ነው። እርምጃውን የመጠነችው ግን እሷ ናት። ፊቷን በእጃችሁ ሸፍናችሁ እግሯን ብቻ ብታዩ እንኳን አሮጊት ናት። ይህን በማንኛውም ተዋናይ ላይ ሞክሩት፤ ከአንገት በላይ ሸፍኑና እዩ።

ተዋናዩ ጄሃሬል ጀሮምም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ዌን ዜይ ሲ አስ» ውስጥ ያለ ጥፋታቸው የታሰሩት አምስት ልጆች ታሪክ በአራት ክፍል ይነገራል። አራቱን ልጆች በልጅነትና በጉልምስና ሁለት ሁለት ተዋናዮች ሲጫወቷቸው፣ ኮሪ ዋይዝን ግን ከ16 ዓመት ልጅነቱ ጀምሮ ጎልማሳ እስኪሆን የተጫወተው ጀሮም ብቻ ነው። በተሸለመ ጊዜ 21 ዓመቱ ነበር። ዳኛ ሆናችሁ ብታዩት አጠገብ ለአጠገብ የምታስቀምጡት ሁለት ነገር ነው፦ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ የሚቀመጥበትና አራተኛው ክፍል ላይ እስር ቤት ውስጥ የሚቀመጥበት አቀማመጥ። ትከሻ፣ አገጭ፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ። ቀረጻ እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ ብዙ ጊዜ በቦታ ነው የሚቀረጸው። ተዋናዩ ጠዋት የመጨረሻውን፣ ከሰዓት የመጀመሪያውን ሊሠራ ይችላል። ጉዞውን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ካልዞረ በቀር የክፍል አንዱ ሰውዬ ክፍል አራትን የሚያውቅ ይመስላል። አማተር ሥራዎች ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ይሄ ነው፦ ልጅቷ ገና ምንም ሳይደርስባት አዝና ትጀምራለች።

ማርክ ራፋሎ መንታ ወንድማማቾችን በተጫወተበት ድራማ መጀመሪያ አንደኛውን ጨረሰ፤ ቀረጻው ለሳምንታት ቆመ፤ ክብደት ጨምሮ ተመልሶ ሁለተኛውን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2020 ተሸለመ። ክብደቱን አትቁጠሩለት። የምትቆጥሩለት አንደኛው ወንድም ሲናገር ሁለተኛው እንዴት እንደሚያዳምጠው ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ፊቱ ያለው ራሱ አይደለም፣ ምትክ የቆመ ሌላ ተዋናይ ነው። ማዳመጥ 25 ነጥብ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ኤዲቲንግ፣ ማለትም የተቀረጸውን ቆርጦ ስለ መቀጠል፣ አንድ ነገር። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ገና በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን አንድ ምንም የማይገልጽ የተዋናይ ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሳጥን፣ አንድ ጊዜ ከሴት ጋር አገናኘው። ፊቱ ያው ነው፤ ተመልካቹ ግን ረሃብ፣ ሐዘንና ፍላጎት አየ። ስለዚህ በጣም የነካችሁ ትዕይንት ላይ ተመለሱና ካቶቹን ቁጠሩ። ፊቷ በእያንዳንዱ ሾት ከሁለት ሰከንድ በላይ የማይቆይ ከሆነ የነካችሁ ኤዲተሩ ሊሆን ይችላል። ዋንጫውን የወሰደችውን ልጅ የሰባት ደቂቃ ለቅሶ ዘግይተን ስንቆጥረው ብዙው ቁርጥራጭ ነበር፤ በዋሽንቱ ተሰፍቶ ነው አንድ የመሰለው። የልጅቷ ጥፋት አይደለም፤ እኛ ነን ያላየነው።

አንዳንዶቻችሁ ድራማ በስልክ፣ በ1.5 ፍጥነት እንደምታዩ አውቃለሁ። ይህን በቁጣ ነው የምጽፈው። አራት ሰከንድ ዝምታ በዚያ ፍጥነት ከሦስት ሰከንድ በታች ይሆናል። ተዋናዩ የመዘናት ትንፋሽ ጠፋች ማለት ነው። በቲክቶክ የተቆረጠ የለቅሶ ትዕይንት አይታችሁ «ይህቺ ናት ምርጥ» የምትሉትም እንደዚያው ነው፤ እኛ በመብራት መጥፋት ምክንያት ያደረግነውን እናንተ በፈቃዳችሁ ታደርጉታላችሁ። ደግሞ እናንተ ከእኛ የተሻለ ታያላችሁ፤ ብዙ አገር ሥራ አይታችኋል፤ በእናንተ ዕድሜ እኛ ከሬዲዮ ድራማ በቀር አልነበረንም። ሬዲዮው ግን አንድ ነገር አስተምሯል፦ ወጋየሁ ንጋቱ በድምፁ ብቻ ሲተርክ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ለየብቻው ይታይ ነበር።

ከዚያ የተወሰደ አንድ መፈተኛ አለ። ከመረጣችሁት ክፍል አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ ጀርባችሁን ለስክሪኑ ሰጥታችሁ ስሙ። ቀጥሎ ያንኑ አሥር ደቂቃ ድምፁን ዘግታችሁ እዩ። ጥሩ ትወና በሁለቱም ይቆማል። በድምፅ ብቻ የምትቆም ተዋናይት አካሏን አልሠራችውም፤ በምስል ብቻ የምትቆም ደግሞ ቃሉን ያነበበችው ሳይገባት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ድምፁ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ በዳቢንግ የገባ ነው፤ ከንፈሯን ልብ በሉ።

አነጋገር ላይ ስደርስ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የአዲስ አበባ ተዋናይ የገጠር ሰው ሲጫወት ቃል ሁሉ ይጎትታል፣ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «እንግዲህ» ይላል። የመንዝ ገበሬ እንደዚያ አያወራም፤ አጭር ነው የሚናገረው። ከመንዝ ሰው ጋር ግማሽ ቀን በግ ገበያ የዋለ ይህን ያውቃል። የኛ ልጆች ደግሞ በተራቸው የአዲስ አበባን አፍ ሲኮርጁ የራሳቸውን ይጥላሉ። ዘመናዊ ተውኔት በአማርኛ የጀመረው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሲያደብር ሰው ነበር። አነጋገር ስትመዝኑ «ይመስላል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ሲቆጣስ ያው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተኮረጀ አነጋገር ተዋናዩ ሲቆጣና ሲሮጥ ይፈርሳል።

አሁን ስለ አሠራሩ። የእኛን 700 ደቂቃ በቀን ከ4 ሰዓት ሳይበልጥ ብታዩት ሦስት ቀን ይፈጃል። መጀመሪያ ሁሉንም ያለ ወረቀትና ያለ እስክሪብቶ እዩ። ከዚያ ለመጨረሻ ምርጫ የቀሩትን ሦስት ሥራዎች ሙሉ በሙሉ ድገሙ፤ ሌላ 300 ደቂቃ ነው፣ ሁለት ቀን። አሁን ወረቀት ያዙ፤ ደቂቃውን ጻፉ፦ «ክፍል 4፣ 18ኛው ደቂቃ፣ ስኒ»። ደቂቃ የሌለው አስተያየት ክርክር ላይ አይረዳም። ለእያንዳንዱ ተዋናይ አራት ትዕይንት ምረጡ፦ መጀመሪያ የገባበት፣ ሕይወቱ የዞረበት፣ የመጨረሻው፣ እና ምንም ሳይናገር የሚያዳምጥበት አንድ። አራተኛውን የሚመርጥ ዳኛ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ፍርዱን የሚለውጠው ግን እሱ ነው።

ነጥብ ስጡና አጣጥፉት፤ ከዚያ በፊት አታውሩ። ንግግሩን በዕድሜ ትንሹ ይጀምር። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ የሚቃወም ወጣት አይገኝም፤ «ችሎታ ከመጀመሪያው ይታወቃል» ያለው ዳኛም ትልቃችን ነበር። በሁለት ዳኞች መካከል ከ15 ነጥብ በላይ ልዩነት ካለ አማካይ አታውጡ፤ ያን ትዕይንት መልሳችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ያላየው ነገር አለ። የአገሩ ልጅ ወይም ዘመዱ የተወዳደረበት ዳኛ ከዚያ ዘርፍ ይውጣ፤ ክፍሉም ውስጥ አይቀመጥ። ዝም ብሎ መቀመጡም ይሰማል።

ይህን ሁሉ ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ የማምነውን ልንገራችሁ፦ ወረቀቱን ከሞላችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ሳትፈልጉት ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ትዕይንት የማን ነው? እሱ ከድምሩ ጋር ካልገጠመ እኔ ድምሩን እጠራጠራለሁ። ወረቀቱ ግን ይኑር፤ ለተሸነፈው ልጅ ለምን እንደተሸነፈ ማሳየት የሚቻለው በእሱ ነው። ለዚያች ልጅ «ስሜት የላትም» ከሚል በቀር የምናሳያት አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ አልታየችም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ልጄ። በኤሚ መሪ ወይም ረዳት ብሎ ዘርፉን የሚመርጠው መጀመሪያ ሥራውን ያስገባው ወገን ነው። አባትየው ስቲቨን ግራሃም በመሪ፣ ልጁ ኦወን ኩፐር በረዳት ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለቱም አሸነፉ። ኩፐር 15 ዓመቱ ነበር። ሦስተኛው ክፍል በሙሉ በእሱና በሥነ ልቦና ባለሙያዋ ላይ የቆመ ስለሆነ እሱም መሪ ቢባል እኔ አልከራከርም። ደቂቃ ግን አይበቃም። መሪ ማለት ታሪኩ የሚጀምርበትና የሚያርፍበት ሰው ነው። እያንዳንዱ ክፍል ያለ ካት በአንድ ተከታታይ ሾት ስለተቀረጸ ኤዲተር አላዳነውም። በአንድ ሾት መቀረጹን ብቻውን ግን እንደ ችሎታ አትቁጠሩት፤ እሱ የአቀራረጽ ምርጫ ነው። የሚቆጠረው አባትየው በዚያ ውስጥ ያደረገው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ልጁ ያደረገውን በቪዲዮ ካየ በኋላ መጀመሪያ ይሸሸዋል፣ ከዚያ ያቅፈዋል። በአራተኛው 50ኛ ልደቱ ነው፤ መኪናው ላይ ስድብ ተጽፎበታል፤ ቀኑን ሙሉ ቤተሰቡን ለማጽናናት ይታገላል። መጨረሻ ላይ ብቻውን ወደ ልጁ ክፍል ይገባል። ያለቅሳል፤ አዎ፣ ያለቅሳል። ቀጥሎ የሚያደርገውን ግን ተመልከቺ፦ አልጋው ላይ ያለውን የልጁን አሻንጉሊት ድብ ያነሳና ብርድ ልብስ ያለብሰዋል፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

ይህን ሳይ ስኒው ነው የመጣብኝ። በአንደኛው ቤት ዕቃው ወደ ሙዳይ ይመለሳል፣ በሌላኛው ብርድ ልብስ ይለብሳል። ሁለቱም የሚገኙት አራተኛው ክፍል ላይ ነው።

ስለዚህ ለውድድሩ ስትቀመጡ ጄኔሬተር ካለ ነዳጁን ቀድማችሁ እዩ፤ ከሌለ መብራት ቢጠፋ የምትቀጥሉበትን ሌላ ቀን ከወዲሁ አስፈቅዱ። አንድም ክፍል ሳይታይ ከቀረ የነጥብ መስጫው ፖስታ አይከፈት።